ኮሌጁ አደገ፤ ቀበሌውስ?

እስኪ የፈለጋችሁትን ዩኒቨርሲቲ የፌስቡክ ገጽ ክፈቱና ወደ ታች እየሳባችሁ እዩት። የመሠረት ድንጋይ አለ፤ ሪባን አለ፤ የመግባቢያ ስምምነት ፊርማ አለ፤ የምረቃ ጋዋን አለ። በመሐል ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ፎቶ ይመጣል። አንድ ዓይነት ካኔቴራ የለበሱ ልጆች፣ ከኋላቸው ባነር፣ ከፊታቸው ክንዳቸውን ለደም ግፊት መለኪያው የዘረጉ እናት። ከሥሩ «ለኅብረተሰቡ ነፃ የጤና ምርመራ አገልግሎት ተሰጠ» ይላል። ላይክ አድርገን እናልፋለን።

እኔ የምጠይቀው ከፎቶው በኋላ ያለውን ነው። እኚያ እናት ግፊታቸው ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ከሦስት ወር በኋላ ማን «እንዴት ሆኑ?» አላቸው? መድኃኒት ጀመሩ ወይስ የተሰጣቸው ወረቀት ትራስ ሥር ቀረ? በሚቀጥለው ዓመት ያው ቡድን ወደ እሳቸው ቀበሌ ተመልሶ መጣ ወይስ ሌላ ቦታ ሌላ ባነር ሰቀለ?

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ማደግና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሕዝብ ጋ መድረስ አንድ ነገር አይደሉም። የመጀመሪያውን መቁጠር ቀላል ስለሆነ እንቆጥረዋለን። ሁለተኛውን ለመቁጠር ግን ተመልሶ መሄድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ እንተወዋለን። ይህ ልማድ ደግሞ አሁን፣ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸውን በገንዘብ እንዲችሉ በሚጠበቅበት ጊዜ፣ ብዙ ሊያስከፍለን ይችላል።

ማስረጃዬን የምወስደው በዋናነት ከጅማ ነው። ጅማን የመረጥኩት ለመውቀስ አይደለም። በዚህ ጉዳይ በአገራችን ረጅም ልምድ ካላቸው ተቋማት አንዱ ስለሆነ ነው። እዚያ የሠራ ነገር ሌላውም ጋ ሊሠራ ይችላል፤ እዚያ የከበደ ነገር ደግሞ ሌላው ጋ ይብሳል። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከወባ ነው

ብዙዎቻችን የጤና ትምህርት ከትልቅ ከተማና ከትልቅ ሆስፒታል ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ገጠር የወረደ ይመስለናል። የእኛ አገር ታሪክ ግን በከፊል ተቃራኒው ነው። በ1953 በደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ 7,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ይነገራል። በዓመቱ፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ እርዳታ ፕሮግራም ጋር ሆኖ ያቋቋመው ነው።

ይህ ኮሌጅ ሲጀመር ስፔሻሊስት የማውጣት ሐሳብ አልነበረውም። ጤና መኮንን፣ የኮሙኒቲ ነርስና ሳኒቴሪያን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያዎች መላክ ነበር ሥራው። ሐኪም ማሠልጠን የጀመረው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1978 ነው። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ የመጣው ሜዳው ነው፣ ሕንፃው የመጣው በኋላ ነው።

ጅማም የተወለደው በዚሁ መንፈስ ነው። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1983 ሲቋቋም መሠረቱን ያደረገው ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርት ላይ ነው። ተማሪዎቹ በአጭሩ ሲቢኢ የሚሉት። ነገሩ በሦስት መንገድ ይሠራል። አንደኛው ሲቢቲፒ ነው፤ ተማሪዎች ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ለተወሰኑ ሳምንታት ቀበሌ ገብተው ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ፣ ችግሮችን በቅደም ተከተል ያወጣሉ፣ ዕቅድ ይሠራሉ። ሁለተኛው ቲቲፒ ነው፤ ሊመረቁ የደረሱ የሕክምና፣ የጤና መኮንን፣ የነርስ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው እንደ አጋሮና አሰንዳቦ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራሉ፤ አብረው ይኖራሉ። ሦስተኛው የተማሪዎች የምርምር ሥራ ነው። በ1999 መጨረሻ ኢንስቲትዩቱ በ1952 ከተመሠረተው የጅማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ይሄው አሠራር ከጤና ወጥቶ ወደ ሌሎች ትምህርት ክፍሎች ተስፋፋ። የዩኒቨርሲቲው መፈክርም «እኛ ኅብረተሰቡ ውስጥ ነን» የሚል ነው።

ቲቲፒ የወጣ ሰው የምታውቁ ከሆነ ጠይቁት። የመጀመሪያው ሳምንት ሁሌም ጭቅጭቅ ነው፤ ማን ምግብ ያበስላል፣ ማን ሪፖርት ይጽፋል። ከዚያ ቀስ በቀስ አንድ ነገር ይገባቸዋል። ክፍል ውስጥ ለአምስትና ለስድስት ዓመት «እኔ ሐኪም ነኝ፣ አንተ ላቦራቶሪ ነህ» ሲባባሉ የነበሩ ልጆች፣ ጤና ጣቢያ ላይ አንዱ ያለ ሌላው ምንም እንደማይሠራ ያያሉ። ተቅማጥ ይዞት የመጣ ሕፃን በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ሲመጣ፣ ችግሩ ያለው ምንጩ ላይ እንደሆነና ለዚያ የሚያስፈልገው ደግሞ የአካባቢ ጤና ተማሪው እንደሆነ ይገነዘባሉ። ይህንን በስላይድ ማስተማር አይቻልም።

የሚቆጠር ነገር ያድጋል

ኢኮኖሚክስ ከተማርኩት ውስጥ አንድ ነገር አልረሳሁም። ሰውም ሆነ ተቋም የሚለካበትን ነገር ያሳድጋል፤ የማይለካበትን ይተዋል። ተንኮለኛ ስለሆነ አይደለም፤ ጊዜውና ገንዘቡ ውስን ስለሆነ ነው።

አሁን የጤና ሳይንስ ኮሌጆቻችን በምን እንደሚለኩ እዩ። ስንት ተማሪ ተቀበሉ፣ ስንት አስመረቁ፣ ስንት ፕሮግራም ከፈቱ፣ ስንት አልጋ አላቸው፣ ስንት ጥናት አሳተሙ፣ የመውጫ ፈተናውን ስንት ተማሪ አለፈ። በእነዚህ መለኪያዎች ዕድገቱ በእርግጥም ትልቅ ነው። ለረጅም ጊዜ አገሪቱ የነበሯት የሕክምና ትምህርት ቤቶች አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ሌሎች ተጨመሩ፤ በ2012 ብቻ በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ ሥልጠናቸውን ጀመሩ። የጅማ ሆስፒታልም ዛሬ ወደ 15 ሚሊዮን ለሚገመት የደቡብ ምዕራብ ሕዝብ ሪፈራል ሆኖ ያገለግላል።

ይህንን የሚያጣጥል ሰው አይደለሁም። የሐኪም እጥረት ቀልድ አይደለም። ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የጎደለውን ተመልከቱ። «ባለፈው ዓመት ተማሪዎቻችን ያገኟቸው ችግሮች ዘንድሮ ስንቶቹ ተፈቱ?» የሚል መስመር የለም። «በምርመራ ከተገኙት የደም ግፊት ሕሙማን ስንቶቹ ሕክምና ላይ ናቸው?» የሚልም እንደዚያው። በማኅበረሰብ አገልግሎት ሥር የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ «ይህን ያህል ሰው ተጠቃሚ ሆነ» የሚለው ነው። ተጠቃሚ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም። ግፊቱን የተለካ ሰው ተጠቃሚ ነው? መለካት እኮ ሕክምና አይደለም።

አንድ ምሳሌ ከራሴ ቤተሰብ ልጥቀስ፤ የተቋሙን ስም ልተወው። አክስቴ የምትኖርበት ሰፈር አንድ ቀን ነፃ ምርመራ መጣ። ቡናዋን ትታ ሄደች፤ ተሰልፋ ተለካች። ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ ብለው ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ሰጧት። ጤና ጣቢያ ስትሄድ የዚያን ቀን ለካርድ ረጅም ሰልፍ ነበር፤ ወረቀቷንም ማንም እንደ ማስረጃ አልቆጠረላትም። እንደገና ተለክታ ሌላ ቀን ነይ ተባለች። አልተመለሰችም። ስጠይቃት «እነሱም አልተመለሱ፣ እኔ ለምን እመለሳለሁ» አለችኝ። በሪፖርቱ ላይ ግን አክስቴ ከተጠቃሚዎቹ አንዷ ናት።

አንድ ጊዜ መሄድና ደጋግሞ መሄድ

አንድ ጊዜ ሄዶ መመለስ ለምን እንደማይበቃ ከጅማ አካባቢ የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2005 የጊልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከልን አቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የተወሰኑ ቀበሌዎችን ነዋሪ በሙሉ ትመዘግባለህ፤ ከዚያ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቆ ሄደ እያልክ በየጊዜው እየተመለስክ ትከታተላለህ። ቡታጅራ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ዳባት ላይ ደግሞ የጎንደር ተመሳሳይ ማዕከላት አሏቸው። ጊልገል ጊቤ ግን አንድ ለየት የሚያደርገው ነገር አለ፤ አጠገቡ ግድብ አለ። የጊልገል ጊቤ አንድ ኃይል ማመንጫ በ2004 ሥራ ሲጀምር ትልቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጠረ። ውኃ ባለበት ደግሞ ወዲያው የሚነሳው ጥያቄ የወባ ነው።

በ2009 ከጅማ ተመራማሪዎች የወጣ አንድ ጥናት ለግድቡ ቅርብ የሆኑ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። ይህ እኛ በትምህርታችን «ክሮስ ሴክሽን» የምንለው ዓይነት ነው፤ በአንድ ወቅት የተነሳ ፎቶግራፍ እንደ ማለት። ጠቃሚ ነው፤ ግን ፎቶ ነው።

ተመራማሪዎቹ እዚያ አላቆሙም። በ16 መንደሮች ከ2,000 የሚበልጡ ሕፃናትን ለሁለት ዓመት፣ በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየሄዱ ትኩሳት መኖር አለመኖሩን ተከታተሉ። በ2013 የወጣው የዚህ ክትትል ውጤት ነገሩን አወሳሰበው። ፋልሲፓረም በሚባለው አደገኛው የወባ ዓይነት የመያዝ ሁኔታ ከግድቡ ባለው ርቀት አልተለየም፤ ይልቅ በጠንካራው የወሰነው ወቅቱ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ልዩነት ለምን ያስጨንቀኛል? ገንዘብ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያው ጥናት ብቻ የሚሄድ ወረዳ ያለውን አጎበርና ርጭት ለግድቡ ዳር መንደሮች ሊያከማች ይችላል። ሁለተኛውን ያነበበ ደግሞ «ከርቀቱ በፊት ወቅቱን ልቅደም» ይላል፤ ራቅ ያሉትንም መንደሮች አይዘነጋም። ያው ገንዘብ፣ ያው አጎበር፣ ግን ሌላ ውሳኔ። ልዩነቱን ያመጣው አዲስ ሕንፃም ሆነ ውድ ማሽን አይደለም። በየሳምንቱ ወደዚያው ቤት ተመልሶ ማንኳኳት ነው።

ይህ አቅም ያለው ኮሌጅ ዋጋው ሊታወቅለት ይገባል። አንድ የግል ክሊኒክ ለሁለት ዓመት የ2,000 ሕፃናትን ትኩሳት በየሳምንቱ አይከታተልም፤ አያተርፍበትማ። ኢኮኖሚስቶች የሕዝብ ሀብት የምንለው ይህንን ነው። ሁሉም ይጠቀምበታል፣ ማንም ለብቻው አይከፍልበትም፤ ስለዚህ አንድ ተቋም ግዴታዬ ብሎ ካልያዘው ማንም አይሠራውም።

የባለቤቷ ሰዓት ነፃ አይደለም

አሁን ደግሞ ነገሩን ከበሩ ከውስጥ በኩል እንየው።

ተማሪዎች ቀበሌ ሲገቡ ሁላችንም የምንቆጥረው የተማሪዎቹን ወጪ ነው፤ አበል፣ መኪና፣ ነዳጅ፣ ምግብ። በር ከፍታ ወንበር የምታቀርበውን ሴት ጊዜ ማንም አይቆጥረውም። ጅማ የቡና አገር ነው። የለቀማው ወቅት ሲደርስ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይወሰናል። በዚያ ሰሞን አንድ ሰዓት የሚፈጅ መጠይቅ ይዞ በር ማንኳኳት «ለአንድ ሰዓት ደሞዝሽን ስጪን» እንደ ማለት ነው። ቢሆንም ሰው ይቀበላል። እንግዳ መመለስ ነውር ነው። ቡና ይፈላል፣ ልጆች ይጠራሉ፣ ሽንት ቤቱ ሳይቀር ይታያል።

በምላሹ ምን ያገኛሉ? ተማሪው ውጤት ያገኛል። መምህሩ ጥናት ያሳትማል፣ ማዕረጉ ያድጋል። ዩኒቨርሲቲው ሪፖርት ያስገባል። ሴትየዋስ? መረጃውን የሰጠች እሷ፣ ሰዓቷን ያጣች እሷ፤ በምን እንደተደመደመ ግን የምትሰማበት መንገድ ብዙ ጊዜ የለም። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተማሪዎች ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ውኃ ከየት ነው የምትቀዱት?» ከዚያው ምንጭ ነዋ! አምናም ነግረናችሁ ነበር።

የቋንቋውም ነገር አለ። ወደ ጅማ የሚመደበው ተማሪ ከመላ አገሪቱ ነው፤ ብዙው አፋን ኦሮሞ አይችልም። ስለ ወሊድ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ሞተ ልጅ በአስተርጓሚ መጠየቅ ከባድ ነው። አስተርጓሚው የሰፈሩ ልጅ ከሆነ ደግሞ እናትየዋ ሁሉን አትናገርም። መፍትሔው የሚከብድ አይደለም፤ ቋንቋውን የሚችሉትን ተማሪዎች በየቡድኑ ማደል፣ ሌላው ከመውጣቱ በፊት መሠረታዊ የሕክምና ንግግር እንዲለማመድ ማድረግ ይቻላል። ይህም ግን ሰዓትና መምህር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ተመልሰን የበጀት ጥያቄ ላይ እንወድቃለን።

«ዩኒቨርሲቲ እኮ ጤና ቢሮ አይደለም»

ይህንን ሐሳብ ለጓደኞቼ ስነግራቸው የሚመጣው መልስ ይሄ ነው። ሕዝብን መከታተል የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ የኮሌጅ ሥራ ማስተማር ነው ይላሉ። አንዱ የሕክምና ተማሪ ጓደኛዬ ደግሞ ከዚህም አጠንክሮ ነው የመጣው፦ «ምጥ ጠንቶባት የመጣችን ሴት የሚያድናት ኦፕሬሽን ክፍል ነው፤ መጠይቅ አይደለም።»

ጓደኛዬ ልክ ነው። ደም የሚፈሳትን እናት ባነርም ሆነ የቤት ለቤት ቆጠራ አያተርፋትም። አልጋ፣ ደም፣ ማደንዘዣና የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋታል። ኮሌጅ ሆስፒታሉን ማሳደጉ ትክክል ነው። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፦ ያቺ ሴት ኦፕሬሽን ክፍሉ ጋ የምትደርሰው እንዴት ነው? ምጡ መቼ እንደጠናባት ማን አየ? ከቀበሌዋ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ክረምት ላይ ምን ይመስላል? ይህንን የሚያውቅ ሐኪም የሚገኘው አንድ ጊዜም ቢሆን በዚያ መንገድ በእግሩ ከሄደ ተማሪ ነው።

የወረዳው ሥራ ነው የሚለውም ግማሽ እውነት አለው። አገራችን ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አላት። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች እየተመደቡ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ሠልጥነዋል። ማን እንዳረገዘች፣ ማን ሳል እንዳለበት፣ ማን ክትባት እንዳቋረጠ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እና ዩኒቨርሲቲው ከእነሱ ጎን ሌላ ትይዩ ዘመቻ ሲያካሂድ ሥራ እየደገመ ነው። መሆን ያለበት የተማሪው ቡድን ጤና ኬላዋ ላይ የምትሠራውን ልጅ «አንቺ ያቃተሽ ምንድነው?» ብሎ መጀመሩ ነው። መዝገቧን ማደራጀት ሊሆን ይችላል። ክትትል ያቋረጡ የስኳርና የግፊት ሕሙማንን ፈልጎ መመለስ ሊሆን ይችላል። ያልተጠበቀ ምንጭ ማጎልበት ሊሆን ይችላል። የዩኒቨርሲቲው ጥንካሬ ላቦራቶሪው፣ የጥናት ዘዴውና የወጣቶቹ ጉልበት ነው፤ የእሷ ጥንካሬ ሁልጊዜም እዚያው መሆኗ ነው።

ደግሞም በከፍተኛ ትምህርት አዋጁ መሠረት ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተልዕኮ አለው፤ መማር ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት። ሦስተኛውን «ሲመቸን» እያልን የምንሠራው ከሆነ ከወረቀቱ ላይ ብናወጣው ይሻላል።

ራስ ገዝነት ሲመጣ

ይህንን ዛሬ የምጽፈው በምክንያት ነው። በ2023 የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው የተለዩት ሌሎቹም፣ ጅማንና ጎንደርን ጨምሮ፣ ተራ በተራ ወደዚያ እንዲሄዱ ነው የታሰበው። ራስ ገዝ መሆን ብዙ ጥሩ ጎን አለው። በጀትን ራስ መምራት፣ ጎበዝ ሰው በፍጥነት መቅጠር፣ ከቢሮክራሲ መላቀቅ። ግን ከነፃነቱ ጋር «ገቢህንም ራስህ ፈልግ» የሚል ነገር አብሮ ይመጣል።

ገቢ ከየት ይመጣል? ከክፍያ ተማሪ፣ ከሆስፒታል አገልግሎት፣ ከማማከርና ከምርምር ፈንድ። ገቢ የማያመጣው የትኛው ነው? ወደ ቀበሌ የሚወጣው መኪና። በሚቀጥለው የበጀት ስብሰባ ላይ ነዳጅ ሲወደድ ምን እንደሚቆረጥ ለመገመት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። የመስክ ቆይታው ከሳምንታት ወደ ቀናት ያጥራል፤ ከዚያ ወደ አንድ ቀን ዘመቻ ይወርዳል፤ ከዚያ ፎቶው ብቻ ይቀራል። ስሙ ግን እንዳለ ይቀጥላል። ለዚህ ነው አንድ ቀን ጠዋት ተነስተን «ኧረ ይሄ ነገር መቼ ነው የቆመው?» የምንለው።

ኪሳራው ደግሞ ወዲያው አይታይም። የተሰነጠቀ ሕንፃ ሁሉም ያየዋል። ያልተሄደበትን ቀበሌ ግን ማን ያየዋል? የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ገጠር ሲመደቡ በሦስተኛው ወር ዝውውር የሚጠይቁ ወጣት ሐኪሞች ሲበዙ፣ ወረርሽኝ ሲነሳ ያካባቢው ነዋሪ የዩኒቨርሲቲውን ቡድን በጥርጣሬ ሲያይ። እምነት እንደ ቁጠባ ነው፤ ቀስ እያለ ይጠራቀማል፣ በክፉ ቀን ይወጣል። ያላስቀመጥከውን ልታወጣ አትችልም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በደፈናው «ትኩረት ይሰጠው» ብዬ አልዘጋውም። ትኩረት በጀት የለውም። የማቀርባቸው አምስት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ቀበሌ ይወሰን፣ ዓመታትም ይቆጠሩ። እያንዳንዱ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የታወቁ ቀበሌዎችን ይዞ ቢያንስ ለአሥር ዓመት አይልቀቃቸው። ዘንድሮ እዚህ፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ መዝለል ለፎቶ እንጂ ለጤና አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ውጤቱ ይመለስ። ተማሪዎች ከቀበሌው ከመውጣታቸው በፊት ያገኙትን በአንድ ገጽ፣ በአካባቢው ቋንቋ ጽፈው በቀበሌ ስብሰባ ወይም በእድር ላይ ያንብቡት። ይህ ካልተደረገ የቡድኑ ውጤት አይያዝ። በዚህ አንድ ደንብ ብቻ ብዙ ነገር ይስተካከላል።

ሦስተኛ፣ ሕመምተኛ ሲገኝ ርክክብ ይኑር። ቁራጭ ወረቀት ርክክብ አይደለም። ስሙ ለጤና ኬላዋና ለጤና ጣቢያው ይሰጥ፤ በሦስተኛው ወር ይጣራ። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ላይ መኖሩ ሳይረጋገጥ ነፃ ምርመራ ባይጠራ ይሻላል። ሰውን «ታመሃል» ብሎ መተው አገልግሎት አይደለም፤ ጭንቀት ማደል ነው።

አራተኛ፣ ገንዘቡ የራሱ መስመር ይኑረው። የመስክ ትምህርት ነዳጅ፣ የተማሪ ምግብና ማደሪያ በአንድ ርዕስ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ወደ ሌላ እንዳይዛወር ይታገድ። መንግሥትም ዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝ ሲያደርግ ይህንን አገልግሎት ከእነሱ እንደሚገዛ ሆኖ ይክፈል። ገበያው የማይከፍልበትን የሕዝብ ሀብት ሕዝቡ በግብሩ ይከፍልበታል፤ ግብር ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?

አምስተኛ፣ መምህሩም ይታሰብለት። አንድ ጥናት ያሳተመ መምህር ማዕረግ ሲያገኝ፣ አንድን ቀበሌ ለስድስት ዓመት ተከታትሎ ውጤቱን ያሻሻለ መምህር ምንም የማያገኝ ከሆነ፣ ጎበዞቹ ወዴት እንደሚሄዱ ግልጽ ነው። በየጊዜው ያለ ተቆጣጣሪ የሚላኩ ተማሪዎች ደግሞ የሚማሩት ሪፖርት አሳምሮ መጻፍን ብቻ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አዲስ ግኝት የሚጠይቅ የለም። አብዛኛው ከ1954 ጀምሮ በጎንደር፣ ከ1983 ጀምሮ በጅማ በአንድም በሌላም መልኩ ተሞክሯል። የጎደለን ማስታወስና መክፈል ነው።

እኛስ?

ይህንን ከምታነቡት ውስጥ የጤና ተማሪ የሆናችሁ አላችሁ። ሲቢቲፒን «የሽርሽር ሳምንት»፣ ቲቲፒን «የሪፖርት ጣጣ» የምትሉም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ምግቡና ማደሪያው ሲታይ ማማረራችሁም አይፈረድም። ግን ያቺ በር የከፈተችላችሁ ሴት ቡና ስታፈላ «እነዚህ ልጆች አንድ ነገር ያደርጉልናል» ብላ ነው። ስትወጡ ቢያንስ ያገኛችሁትን ንገሯት። ስልካችሁ ላይ ያለውን ዳታ ለመምህራችሁ ብቻ አትላኩ፤ የቀጣዩ ዓመት ቡድን ከዜሮ እንዳይጀምር በሥርዓቱ አስረክቡት። የሰዎችን ስምና ሕመም ግን በቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁ፤ እሱም አንዱ ክብር ነው።

የጤና ተማሪ ያልሆንን ደግሞ አንድ ቀላል ሥራ አለን። ያ የታወቀው ፎቶ እንደገና ስልካችን ላይ ሲመጣ ላይክ ከማድረጋችን በፊት ከሥሩ አንድ ጥያቄ እንጻፍ፦ «ከሦስት ወር በኋላስ?» ስድብ አይደለም፤ ፖለቲካም አይደለም። መልስ ያለው ኮሌጅ ደስ ብሎት ይመልሳል። መልስ የሌለው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ባነሩን ከማሳተሙ በፊት ያስብበታል።